አባቴ ትንፍሽ ያሉ ዕለት

ግድግዳውን የቀባነው ራሳችን ነን። አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ቤት በሚባለው ሠፈር ውስጥ፣ እናቴና አባቴ ከሚኖሩበት ሕንፃ ፊት ለፊት፣ በረንዳ የሌለው ባዶ የጎን ግድግዳ ነበር፤ የባሕሩ ጨው ልጦ ልጦ ገጣባ አህያ ያስመሰለው። በዚያ በጋ ማትናሱ፣ የሠፈራችን የሕዝብ ማዕከል ማለት ነው፣ “ደጅ ላይ የአጫጭር ፊልሞች ፌስቲቫል ይደረጋል፤ ፊልሞቹን የሠሩት የከተማው ነዋሪዎች ናቸው” የሚል ወረቀት በየመግቢያው ለጠፈ። ሸራ እንደሌለ የታወቀው ወረቀቱ ከተለጠፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ግድግዳው ሸራ ሆነ። አንዱ መሰላል አመጣ፣ ሌላው ባልዲ፣ ሦስተኛው ምክር፤ ምክር ያመጡት በዙ። በሦስት ቀን እስከ ሁለተኛው ፎቅ ድረስ ነጭ አደረግነው።

አንድ ችግር ብቻ ቀረ። በነጩ መሀል ላይ የአንድ መታጠቢያ ቤት መስኮት አለ። የቤቱ ባለቤት ከሞሮኮ የመጡ ባልቴት ናቸው። “መስኮቱን በነጭ ወረቀት እንሸፍንልዎት?” ስንላቸው፣ “ለምን ሲባል? እኔም አንድ ቀን ሲኒማ ውስጥ ልግባ እንጂ!” ብለው ሳቁብን። ፊልም በሚታይበት ሰዓት መብራት እንደማያበሩ ግን በልጅ ልጆቻቸው ስም ማሉልን። እኛም አመንን።

እኔም ለዚያ ግድግዳ የሚሆን ፊልም ነበረኝ። ዘጠኝ ደቂቃ። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ከአዲስ አበባ ወንበር በሌለው አውሮፕላን ወለል ላይ ተደርድረን ስንመጣ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ዕድሜዬ በሙሉ አሽዶድ ነው። ቀን ቀን በአንድ ሚርፓአ ውስጥ፣ ክሊኒክ ማለት ነው፣ በሽተኛ መዝግቤ ለሐኪም አስገባለሁ። ማታ ማታ ማትናሱ የሚሰጠውን የፊልም ኮርስ እማራለሁ። ኮርሱን የጀመርኩት ከቤት ለመውጣት ብዬ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ካሜራውን በዓይኔ ላይ ሳደርግ ግን፣ ያለ ማጋነን እናገራለሁ፣ ዕድሜ ልኬን የጠፋብኝን መነጽር ያገኘሁ መሰለኝ።

በዚያው ሰሞን ሁለት ደብዳቤ መጣልኝ። አንደኛው ከሌላ ከተማ ካለ የፊልም ትምህርት ቤት ነው፤ ተቀብለንሻል፣ የምትመጪ ከሆነ ከሁለት ወር በኋላ እስካለው እሁድ አረጋግጪልን ይላል። ሁለተኛው ከክሊኒኩ አስተዳደር ነው፤ ክቪዑት እንደሰጡኝና እሁድ ገብቼ እንድፈርም ይነግረኛል። ክቪዑት የሥራ ቋሚነት ነው። በእኛ ሰው ዘንድ ከሠርግ ቀጥሎ እልል የሚባልለት ነገር ቢኖር እሱ ነው። ሁለቱም ደብዳቤዎች ያንኑ እሁድ ይጠብቁኝ ነበር፤ ፌስቲቫሉ ደግሞ ከእሁዱ በፊት ባለው ሐሙስ።

ወታደር ቤት ገብታ ያገለገለች የሃያ አራት ዓመት ሴት አባቷን ምን ታስፈቅዳለች የሚል ይኖራል። ይበል። እኔ የበኩር ልጅ ነኝ፤ አባቴ ሳይፈቅዱ ከቤት ብወጣ እግሬ እንጂ ልቤ እንደማይወጣ አውቀዋለሁ። ችግሩ አባቴን ማስፈቀድ እንደ ሌላው ሰው አባት አይደለም። አባቴ እምቢ ብለው አያውቁም። ያልወደዱትን ነገር ሲጠየቁ ዝም ይላሉ፤ ዝም ካሉ አለቀ። ወንድሜ ሞተር ብስክሌት ልግዛ ብሎ ጠየቃቸው፣ ዝም አሉ፤ ይኸው እስከ ዛሬ በእግሩ ይሄዳል። ደግሞ ሁለተኛ መጠየቅ የለም። በእኛ ቤት አባቱን ሁለት ጊዜ የጠየቀ የመጀመሪያውን እንዳላመነ ነው የሚቆጠረው፤ ይህን ማንም አልነገረንም፣ ስናድግ አብሮን ያደገ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ትንፋሻችን አንድ ነገር ልናገር። ያን ትንፋሽን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን የምንለውን “አዎ” ታውቁታላችሁ። ለእኛ ንግግር ነው። ለክሊኒካችን ሐኪም ግን አስም ነበር። እናቴ ለራስ ምታት ሄዳ፣ “ያምሻል?” ሲላት ሳብ፣ “ማታ ማታ ይብስብሻል?” ሲላት ሳብ፣ “መድኃኒቱን ትወስጃለሽ?” ሲላት ሳብ ብታደርግበት፣ ሰውየው ደንግጦ የደረት ራጅ አዘዘላት። እናቴ የራጁን ወረቀት ይዛ ስትወጣ “ራሴን አመመኝ ብል ደረቴን ፈለጉት” አለችኝ። በማግስቱ በዕብራይስጥ ወረቀት ጽፌ በየሐኪሙ ክፍል ለጠፍኩ፦ “ኢትዮጵያዊ በሽተኛ ትንፋሹን በድንገት ወደ ውስጥ ከሳበ ‘አዎ’ ማለቱ ነው። አልታመመም።” ሌላ ክሊኒክ ያሉት እንኳ ሰምተው አባዙት። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ መሆኔን አደራ እንዳትረሱብኝ።

ፊልሜ ስለ አባቴ ሥራ ነው። አባቴ ወደቡ ላይ ጠራጊ ነበሩ። የእህል መርከብ ሲራገፍ ከማሽኑ ያመለጠ ስንዴ መሬት ላይ ይፈስሳል፤ እሱን መጥረግ የእሳቸው ፈንታ ነው። ሌሎቹ ጠራጊዎች በቦት ጫማቸው እየረገጡት ይጠርጋሉ። አባቴ ግን ስንዴ አይረግጡም። መጀመሪያ ለእግራቸው የሚሆን ጠባብ መንገድ ይጠርጋሉ፤ ከዚያ በዚያች ላይ ቆመው ግራና ቀኙን ይሰበስባሉ። የክሬኑ ነጂ ከላይ ሆኖ ጥሩምባ እየነፋ “ሰውዬ፣ እንደርስብሃለን ወይስ ትደርስብናለህ?” ይላቸዋል። አባቴ እጃቸውን ያወዛውዙለታል እንጂ አይቸኩሉም። ወደቡ ውስጥ ካሜራ ማስገባት ክልክል ስለሆነ፣ ከአጥሩ ውጭ የማዕበል መከላከያው ድንጋይ ላይ ካሜራውን አስቀምጬ ይህን ሁሉ በእጃቸው እየሠሩ እንዲያሳዩኝ አደረግኩ። ከጓሮ መጥረጊያ ይዘው መጥተው፣ ክሬኖቹን ከኋላቸው አድርገው፣ የሌለ ስንዴ ጠረጉልኝ። መቼም እንደዚያ ቀን ኮርቼባቸው አላውቅም።

በመጨረሻ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። እኔ ያንን ጥያቄ ደብዳቤው ከመጣ ጀምሮ ምሳም ላይ እራትም ላይ ውጬዋለሁ። ካሜራ ኋላ መደበቅ ግን ሰውን ደፋር ያደርጋል።

“አባባ፣ የሴሬት ትምህርት ቤት ተቀብሎኛል” አልኩ። ሴሬት በዕብራይስጥ ፊልም ነው፤ እሳቸውም የሚያውቁት በዚሁ ስሙ ነው። “ልሂድ? ይፈቅዱልኛል?”

አባቴ ወደ ባሕሩ ዞረዋል። ንፋሱ ጆሮዬ ላይ ይፎክራል፤ ወደ ወደቡ የምትገባ መርከብ ደግሞ ታጓራለች። ትከሻቸው ከፍ አለና ዝቅ አለ። ጠበቅኩ። ሌላ ምንም የለም። ቆየት ብለው “በይ ንፋሱ ዘልቆ ገባኝ፣ እንሂድ” አሉና መጥረጊያቸውን አንሥተው ተነሡ። ካሜራውን አጠፋሁት።

ቤት ስገባ እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ ያዘችኝ። “እህሳ? ምን አሉሽ?”

“ትንፍሽ አላሉም።”

“ምንም?”

“ትንፍሽ አላሉም አልኩሽ! እንዳታነሽባቸው ደግሞ። በእኔ ሞት” አልኳት፤ አስማልኳት። ቁጣዬ ወዲያው የሚነድ ነው፤ እናቴም እሳቱ ሲነድ ዳር መቆምን ለምዳለች።

ፊልሙን ከእኔ ጋር ያቀናበረው ከሩሲያ የመጣ የኮርስ ጓደኛዬ ነበር። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ በአገሩ ሬድዮ ጣቢያ ውስጥ ድምፅ ይቀዳ ነበር፣ እዚህ ሊፍት ይጠግናል። ድምፁን ያጸዳው እሱ ነው። እናቶች ምስር ሲለቅሙ አይታችሁ እንደሆነ፣ እሱም እንደዚያ ነበር ድምፅ የሚለቅመው። ንፋሱን አወጣ፣ የመርከቧን ጥሩምባ አወጣ፣ እኔ አፍንጫዬን ስስብ የተሰማውን ሳይቀር አወጣ። ያልወደደውን ሁሉ “ራዓሽ!” ይለዋል፤ በዕብራይስጥ ጫጫታ፣ ረብሻ ማለት ነው። ሠርቶ ሲያመጣልኝ፣ ከጥያቄዬ በኋላ ያለው ቦታ እንደታጠበ ብርጭቆ ጸድቶ ነበር።

አስተማሪያችን ያንን ቦታ ስታይ እንባዋ መጣ። “ይህ ዝምታ!” አለች። “የፊልሙ ልብ እዚህ ነው። አንዲት ሴኮንድ እንዳትነኪ።” የክፍሉ ሰው ሁሉ አጨበጨበልኝ። እኔ አባቴ ከልክለውኛል ብዬ አንጀቴ እያረረ፣ ሰው እንዴት ጥሩ አድርገው ከለከሉሽ ብሎ ያመሰግነኛል። ያንን ምስል መቶ ጊዜ ሳላየው አልቀረሁም። ትከሻቸው ይነሣል፣ ቅንድባቸው ይነሣል፣ ይወርዳል። ተቆጥተው ነው አልኩ። በርዷቸው ነው አልኩ። የሌላ ሰው አባት ቢሆኑ ኖሮ ምናልባት ይገባኝ ነበር።

ስድስት ሳምንት አለፈ። አባቴ በእነዚያ ሳምንታት የሚሠሩትን ሁሉ ወደ ክፉ ተረጎምኩት። አንድ ዓርብ ከገበያ ትልቅ ሰማያዊ ሻንጣ፣ ጎማ ያለው፣ እየጎተቱ መጡና ሳሎኑ መሀል አቆሙት። ማንንም አላናገሩም። እኔ በሆዴ፣ ሊድሩኝ ነው አልኩ። ሌላ ቀን ከሥራ ሲመለሱ “እሁድ ነው አይደል?” አሉኝ። ስለ ክቪዑቱ እናቴ ነግራቸዋለች ብዬ “አዎ፣ እሁድ ነው” አልኩ ፊቴን ሳላዞር። “ጎበዝ” አሉ፤ ፈገግም አሉ። በክቪዑቱ እንዲህ ደስ ካላቸው ነገሩ ቁርጥ ሆኗል አልኩና የቁም ሣጥኑን በር በኃይል ዘጋሁት። አባቴ በሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ “ማጠፊያው ዘይት ይፈልጋል” ብለው ዘይት ሊያመጡ ሄዱ።

ሐሙስ መጣ። ጀምበር ባሕሩ ላይ ሳትጠልቅ ሰው ግቢውን ሞላው። ሁሉም ወንበሩን ከቤቱ ተሸክሞ ነው የመጣው፤ አንድ ቤተሰብ ሶፋ አወረደ። የእኛ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች እንደ ልማዳቸው ከሰዓቱ ቀድመው መጥተው የፊተኛውን ረድፍ ያዙ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው። ሩሲያውያኑ ከኋላ ሆነው የሱፍ ፍሬ ይፈለፍላሉ። ሞሮኳውያኑ በየበረንዳቸው ተደርድረው ሻይ እየጠጡ ከላይ ይመለከታሉ። አባቴ የሰንበት ሸሚዛቸውን ለብሰው ከእናቴ ጎን ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሩሲያዊው ጓደኛዬ ከኮምፒውተሩና ከሁለቱ ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ጋር ከኋላ ነው፤ እኔና አስተማሪያችን አጠገቡ ቆመናል።

የመጀመሪያው ፊልም የአንድ ታክሲ ነጂ ነበር። ስድስት ደቂቃ ሙሉ ተሳፋሪ የታክሲውን በር ሲዘጋ ብቻ ያሳያል። አንዱ ያላትመዋል፣ አንዱ በቀስታ ይገፋዋል፣ አንዲት ሴትዮ ሦስት ጊዜ ትሞክራለች። ከፊተኛው ረድፍ አንድ ሽማግሌ “ይሄ ሰው በሩን ከሚቀርጽ አያስጠግነውም?” ብለው ጮክ ብለው ጠየቁ። ትርጉሙ በዕብራይስጥ ወደ ኋላ ተላልፎ ሩሲያውያኑ ጋ ሲደርስ እነሱም ሳቁ። ሁለተኛው የፍቅር ፊልም ነው። ልጁና ልጅቷ ሊሳሳሙ ሲቃረቡ፣ ልክ በልጁ ግንባር ላይ መብራት ቦግ አለ። የባልቴቷ መታጠቢያ ቤት! ግቢው በአንድ ድምፅ “መብራት!” ብሎ ጮኸ። መስኮቱ ተከፈተ፤ የባልቴቷ ፊት ከልጁ ቅንድብ መሀል ብቅ አለና “ረስቼው ነው፣ ቀጥሉ፣ ቀጥሉ፣ ተሳሳሙ!” አሉ። ከዚያ ምሽት ፊልም ሁሉ ብዙ ጭብጨባ ያገኙት እሳቸው ናቸው።

ቀጥሎ የእኔ ነው። አባቴ ባለ ሁለት ፎቅ ቁመት ሆነው ግድግዳው ላይ ወጡ። የሌለውን ስንዴ መጥረግ ሲጀምሩ የፊተኛው ረድፍ ጸጥ አለ። ለእግራቸው መንገድ ጠርገው በዚያች ላይ ሲቆሙ፣ አንድ ሽማግሌ “እንዲያ ነው! እህል አይረገጥም!” አሉ። ከአንድ በረንዳ ደግሞ የወደብ ሠራተኛ የሆነ ሰው፣ “እህ፣ ለዚህ ነው ለካ! እኔ ጉልበቱን የሚያመው ይመስለኝ ነበር!” ብሎ ጮኸ። ሰው ሳቀ፤ አባቴም ሳቁ። እኔ ግን የሚመጣውን ስለማውቅ መሳቅ አቃተኝ።

ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። የእኔ ድምፅ ግቢውን ሞላው፦ “ልሂድ? ይፈቅዱልኛል?”

ያ የተወደሰ ዝምታ መጣ። ትከሻቸው ተነሣ፣ ቅንድባቸው ተነሣ፣ ወረደ። የሱፍ ፍሬ የሚፈለፍል እንኳ ጠፋ። አስተማሪያችን ክንዴን ጨበጠችኝ።

“እልልልልልል!”

ከፊተኛው ረድፍ ነው። አንዲት አሮጊት ጀመሩት፤ ወዲያው የረድፉ አሮጊቶች ሁሉ ተቀበሏቸው። “እሰይ! እሰይ!” ይላሉ፤ አንዷ ቆመው ያጨበጭባሉ። ግድግዳው ላይ ባሕሩ ብቻ ቀርቶ ፊልሙ አለቀ፤ እልልታው ግን አላለቀም። አስተማሪያችን ፊቷ ተለዋወጠ። “ምን ሆነው ነው? ዝምታውን እኮ ገደሉት!” አለችኝ። እኔም አልገባኝም። በሰው መሀል እየተጋፋሁ ወደ ፊት ሄድኩ።

እልልታውን የጀመሩት አሮጊት አንገቴን ይዘው ሳሙኝ። “እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ! እንኳን ፈቀዱልሽ!”

“ማን ፈቀደልኝ?”

“አባትሽ ናቸዋ! ዓይን የለሽም? እንዲህ ሲሉ አላየሽም?” አሉና ትከሻቸውን ከፍ፣ ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው፣ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉት። “ኧህ!”

ወደ አባቴ ዞርኩ። አባቴ ቆመዋል፤ ደስ ያላቸው ግን አይመስሉም።

“ድምፄን የት አደረሳችሁት?” አሉኝ።

“የምን ድምፅ አባባ?”

“የመለስሁልሽን ነዋ! ልሂድ ወይ አላልሽኝም? መለስሁልሽ። እዚያ ላይ ግን ትከሻየ አለ፣ ፊቴ አለ፣ ድምፄ የለም። ይሄ ሁሉ ሰው ፊት ልጁ ስትጠይቀው ዝም የሚል አባት አደረጋችሁኝ።”

ክሊኒክ ውስጥ የለጠፍኩት ወረቀት ቃል በቃል ዓይኔ ላይ መጣ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለሐኪሙ ሁሉ አስተማሪ ነኝ ያልኩት እኔ የገዛ አባቴን “አዎ” በንፋስ ውስጥ ጥዬው መጥቻለሁ። ትንፍሽ አላሉም እያልኩ ስድስት ሳምንት ያማኋቸው ሰውዬ ያደረጉት ትንፍሽ ማለት ብቻ ነበር።

ወደ ኋላ ሮጥኩ። “ከጥያቄዬ በኋላ ያወጣኸው ነገር አለ?” አልኩት ሩሲያዊውን።

“ራዓሽ ብቻ ነው” አለ። ትንሽ አሰበና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “አንድ ትንፋሽም ነበረች። አባትሽ ደረታቸውን የሚያማቸው መሰለኝ። ሰው ፊት እንዳያፍሩ ብዬ ቆርጬ አወጣሁላቸው።”

“ጥለኸዋል?”

“እኔ?” አለ እንደመሰደብ ቆጥሮት። “እኔ ምንም ነገር አልጥልም።”

ኮምፒውተሩ ውስጥ ለመፈለግ ጊዜ ወሰደ፤ መቼም የእሱ ራዓሽ ብዛቱ። ግቢው ሙሉ ቆሞ ጠበቀ። ነገሩ በአማርኛ ከፊት ተነሥቶ፣ በዕብራይስጥ ወደ በረንዳዎቹ ወጥቶ፣ በሩሲያኛ እስከ ኋላ ደርሶ ነበር፤ ሁሉም ሰው ምን እየተፈለገ እንደሆነ ያውቃል። ባልቴቷ እንኳ መታጠቢያ ቤታቸውን አብርተው በመስኮታቸው ብቅ ብለው ይጠብቃሉ፤ ማንም “መብራት!” አላላቸውም። በመጨረሻ ሩሲያዊው ጣቱን ወደ ላይ አነሣ።

በማጉያዎቹ ውስጥ ንፋሱ መጣ። መርከቧ አጓራች። የእኔ ድምፅ፣ “ልሂድ? ይፈቅዱልኛል?” አለ።

“ኧህ።”

በሁለት ትልልቅ ማጉያ፣ በአራት ሕንፃ መሀል። ሮቫ ቤት ራሷ ትንፋሿን የሳበች ነበር የሚመስለው። ከፊተኛው ረድፍ ያሉት ሁሉ ሳያስቡት መልሰው “ኧህ!” አሉ። ከዚያ እልልታው እንደገና ቀለጠ፤ በዚህኛው የሞሮኮዋ ባልቴትም ከመስኮታቸው በራሳቸው አገር እልልታ አገዙን። እኔ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው፤ አፍሬም ነው፤ አባቴን ደግሞ ስለናፈቅኳቸው ነው። አንድ ቤት እየኖርኩ ስድስት ሳምንት ሙሉ ተቀይሜያቸው ነበርና።

አባቴ ወደ ሩሲያዊው መጡ። እኔ አስተረጎምኩ።

“ትንፋሼ ራዓሽ ነው እንዴ?” አሉት።

ሰውየው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። “ጥፋቱ የጆሮዬ ነው” አለ። “ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት ጆሮ ነው፤ ይህን ግን ማንም አላስተማረውም።” አባቴ አሳዩት። እሱም ሞከረ፤ የሱፍ ፍሬ ጉሮሮው ገብቶ ሳል በሳል ሆነ። አባቴ ጀርባውን እየመቱለት እንዲህ ሲስቁ ያየሁበትን ሌላ ቀን አላስታውስም።

ወደ ቤት ስንሄድ ወንበራቸውን እኔ ተሸከምኩ። “ሻንጣውስ አባባ?” አልኳቸው።

“ለማን መሰለሽ? ያ የወታደር ቤት ቦርሳሽ ተቀዷል።”

“እሁድ ነው አይደል ያሉኝስ?”

“ትምህርት ቤቱ ነዋ። እናትሽ ገና ሳትጠይቂኝ ደብዳቤውን አሳይታኝ የለ?”

“ታዲያ ፊቴን እያዩ፣ በር ሳላትም እያዩ፣ ምነው ዳግመኛ አይነግሩኝም?”

“ምን ብዬ?” አሉ ቆም ብለው፤ ከልባቸው ገርሟቸው። “ነግሬሻለሁ እኮ።” ጥቂት ከሄድን በኋላ ደግሞ እንዲህ አሉ፦ “ያ በረንዳ ላይ የነበረው ሰው፣ የወደቡ፣ ሲወርድ መጥቶ ጨበጠኝ። አሥር ዓመት አብረን ስንሠራ ሰላምታ እንኳ የለንም። ‘ለካ ገበሬ ነበርህ’ አለኝ። እንዲህ ያለውን ነገር የምታሳዪ ከሆነ ሂጂ። ክቪዑት ሌላም ጊዜ ይገኛል።” ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም፤ ልቤ እንዳትፈነዳ ብዬ ወንበሩን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

ዓርብ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፤ ቅዳሜ ሰንበት ነው፣ ስልክ አይነካም። እሁድ ጠዋት አባቴ የከሰዓት ፈረቃ ስለነበራቸው ቤት ናቸው። ስልኩን ይዤ ሳሎን ከሰማያዊው ሻንጣ ጎን ተቀመጥኩ፤ እሳቸው የቁም ሣጥኑን ማጠፊያ ዘይት ይቀባሉ። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ አነሣች። ስሜን ነገርኳት፤ ወረቀት ስታገላብጥ ይሰማኛል።

“አገኘሁሽ። እና፣ ትመጫለሽ ወይ?” አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። በዕብራይስጥ ልመልስላት ያዘጋጀሁት ዓረፍተ ነገር ነበረ፤ ማታ ስለማመደው አድሬያለሁ። የወጣው ግን እሱ አይደለም። ትከሻዬ ከፍ አለ፣ ቅንድቤ ከፍ አለ፣ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አደረግኩት።

“ሃሎ?” አለች ጸሐፊዋ። “ሃሎ? አለሽ? መስመሩ ተቋረጠ መሰለኝ።”

አባቴ የዘይቱን ጨርቅ እንደያዙ ከሣጥኑ በር ኋላ ብቅ አሉ።

“በቃል ንገሪያት ልጄ፣ በቃል!” አሉኝ። “እነዚህ ሰዎች ራዓሽ ነው ብለው ይቆርጡብሻል።”